ከዓስር ሶላት በኋላ መጻፍ

ኮሮና ኩዌት ሲገባ እኔ ሳባህ አል-ሳሌም ውስጥ ከአንድ ቤተሰብ ጋር ሦስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ምግቡም፣ ጽዳቱም፣ ልብሱም የእኔ ሥራ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የአሠሪዬ የማዳም እናት የእኔ ኃላፊነት ነበሩ። ቤቱ ሁሉ «ማማ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ጉልበታቸው የደከመ፣ በግራ ጆሯቸው የማይሰሙ፣ ጨዋታ የሚወዱ አሮጊት ነበሩ። ሲነሱ እደግፋቸዋለሁ፤ ሲሰግዱ ወንበራቸውን አስጠጋና እንዳይወድቁ አጠገባቸው እቀመጣለሁ።

ማዳም አስተማሪ ነች። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከሳሎኑ ቀጥሎ ያለውን ክፍል ይዛ በኮምፒውተር ማስተማር ጀመረች። ቤቱ በጠቅላላ በሹክሹክታ የሚኖር ሆነ። ከመስጊዱ የሚሰማው ጥሪ እንኳ ተለውጦ «በየቤታችሁ ስገዱ» ይል ነበር። ማማ ያን በሰሙ ቁጥር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ሲባል ሰምቼ አላውቅም» ይላሉ።

ለእኔ ደግሞ የተዘጋብኝ ዓርብ ነው። ከዚያ በፊት አንዳንድ ዓርብ እየተፈቀደልኝ ቤተ ክርስቲያን እሄድ ነበር፤ ከአገሬ ልጆች ጋር የምገናኘውም ያኔ ነው። ሐዝር የሚሉት የሰዓት እላፊ ከመጣ በኋላ ከግቢው በር አልፌ የምሄደው ቆሻሻ ለመጣል ብቻ ሆነ። አንድ ቀን እዚያው ቆሻሻ መጣያው ጋ ጎረቤት ቤት የምትሠራ የአገሬ ልጅ አገኘችኝ። ማስኳን ዝቅ አድርጋ፣ «በስልክ ትምህርት ተጀምሯል፤ ላስገባሽ?» አለችኝ።

«የምን ትምህርት?»

«የመጻፍ።»

ሳቅኩ። መጻፍማ እችላለሁ። አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ አባቴ ታሞ ትምህርቴን ባቋርጥም፣ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ከክፍል የሚቀድመኝ አልነበረም። ያም ሆኖ የሌላ ሰው ድምፅ የመስማት ጉጉት ነበረኝና አስገቢኝ አልኳት።

አስተማሪያችን አገር ቤት ሳለች አማርኛ ያስተማረች፣ ኩዌት ከመጣች በኋላ ግን መሃል ከተማ ሚርቃብ ባለ ፀጉር ቤት የምትሠራ ሴት ነበረች። ፀጉር ቤቱ ተዘግቷል። የምትኖርበት ሰፈር፣ አባሲያም፣ መግቢያ መውጫው ታጥሮ ነበር። ከሌሎች ሴቶች ጋር በአንዲት ክፍል ተቀምጣ ስትቸገር፣ የምታውቃቸውን ልጆች በስልክ ሰብስባ አንድ ቡድን ከፈተች። የመጀመሪያው የድምፅ መልእክቷ አሁንም ትዝ ይለኛል።

«ልጆች፣ እጄ ሥራ ፈትቷል፤ አፌ ግን አልፈታም። በየሳምንቱ አንድ አንድ ገጽ ጻፉልኝ። ያያችሁትን ብቻ። ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፣ እኔ አርማለሁ። ‹ቲቸር› በሉኝ፤ አንቱ ካላችሁኝ ግን አረጃለሁ።»

የመጀመሪያውን ገጼን አንድ ሐሙስ ሥራዬን ጨርሼ ባንድ ትንፋሽ ጻፍኩት። «ውድና የተከበርሽ መምህርታችን ሆይ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ» ብዬ ጀመርኩ። እስከ ገጹ ግማሽ እንዲያ ሄደ። ግማሹን ደግሞ የስደትን መራራነት፣ የእናትን ፍቅርና የአገርን ናፍቆት ሞላሁበት። ስልከው ኩራት ተሰምቶኝ ነበር።

መልሷ በሳቅ ታጅቦ መጣ። «የኔ እናት፣ እኔና አንቺ ተያይተን አናውቅም። ናፍቆቱ ከየት መጣ?» አለች። ከዚያ ሳቋን አቆመች። «እጅሽ ጥሩ ነው። ግን አንቺን አላገኘሁሽም። ያለሽበት ቤት የት ሄደ? መስኮቱ ወዴት ነው የሚከፈተው? ጠዋት መጀመሪያ የምትሰሚው ድምፅ ምንድን ነው? እሱን ጻፊልኝ።»

ፊቴ ጋለ። ያን መልእክት ደጋግሜ ሰማሁት። በሚቀጥለው ሳምንት ምንም አልላኩም። ከዚያ በኋላ ባለውም አልላኩም። ቲቸር ዝም አላለችኝም፤ አንድ ጠዋት ልብስ ሳሰጣ ደወለች።

«ምነው ጠፋሽ? ተቀየምሽኝ?»

«ኧረ አልተቀየምኩም። ጊዜ የለኝም፣ ቲቸር። ስጠራ እውላለሁ። ልቀመጥ ስል ‹ነይ›፣ ልጀምር ስል ‹አምጪ› ነው።»

«እሺ። የለኝም ያልሽውን ጊዜ ቁጭ ብለሽ ንገሪኛ። ከአልጋ ስትወርጂ ጀምሪ።»

ነገርኳት። ቁርሱን፣ ወለሉን፣ የማማን ገላ ማጠብ፣ ምሳውን፣ ሳህኑን፣ ካውያውን። እሷ በየመሃሉ «ከዚያስ?» ትላለች። የዓስር ሶላት የሚሉት የከሰዓቱ ስግደት ላይ ስደርስ፣ «ማማ ሰግደው ሲጨርሱ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። እኔ እጠብቃቸዋለሁ» አልኳት።

«እየጠበቅሽ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ምንም። እንዳይወድቁ ማየት ብቻ። ማውራትም አይቻልም።»

«ረጅም ነው?»

«እሳቸው እስኪበቃቸው ነው።»

 «እኔ አባሲያ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ክፍል ተጋርቼ እንዲህ ያለ ፀጥታ ባገኝ አለቅስ ነበር» አለችኝ።

የማማ መስኮት የሚከፈተው ወደ ጎረቤት ጣሪያ ነው። ጣሪያው ላይ የውሃ ታንከርና ርግቦች አሉ። በማግስቱ፣ የማዳም ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከተረፉት ደብተሮች የተገነጠሉ ባዶ ወረቀቶች ይዤ ከወንበሩ ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ዓይኔ ማማ ላይ ነው። «ማማ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ አልመጣልኝም፤ እሱኑ ይዤ ተነሳሁ። በሚቀጥለው ቀን ርግቦቹን ጻፍኩ። ሳምንቱ ሲያልቅ አንድ ገጽ ሞላ። አንዲትም «ሆይ» አልነበረባትም።

ሰዓቴ በግድግዳ ሰዓት የሚሄድ አልነበረም። ዓስር ከፀሐይ ጋር ቀስ እያለ ይገፋል፤ የእኔም መጻፊያ አብሮ ይገፋል። ጥሪው ሲሰማ ሰውነቴ ራሱ ያውቃል፤ ወረቀቱን ከመሳቢያ ማውጣት ማማን ከመደገፍ ጋር አንድ ሥራ ሆነ። ያስቸገረኝ መጀመሩ ነበር። ማማ መቁጠሪያውን ከግማሽ በላይ ሲያደርሱት እኔ ገና እስክሪብቶ እነክሳለሁ። ይህን ለቲቸር ስነግራት፣ «ነገ የምትጀምሪበትን ነገር ዛሬ አስቀምጠሽ ተነሺ። አሳቡ ሳያልቅ ተዪው። ሌሊቱን እሱ ራሱ ይሠራልሻል» አለችኝ። እንዳለችኝ አደረግኩ። ጠዋት ሸሚዝ ስተኩስ የተውኩትን ዓረፍተ ነገር አፌ ውስጥ አገላብጠዋለሁ። ወለል ስወለውል የሚቀጥለው ይመጣል። ከዓስር በኋላ ስቀመጥ የሚቀረኝ ማስፈሩ ብቻ ይሆናል። ካውያ እጠላ የነበርኩት ሰው ካውያን ወደድኩ።

አንድ ቀን የጻፍኩትን ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ሳነብ ማማ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ምን ታጉረመርሚያለሽ?»

«የጻፍኩትን እያነበብኩ ነው፣ ማማ። ይቅርታ።»

«ጮክ በያ! ይሄኛው ጆሮዬ እኮ አይሰማም።»

«በእኛ ቋንቋ ነው። አይገባዎትም።»

«የወፎቹስ ቋንቋ ይገባኛል?» አሉና በእጃቸው ወደ መስኮቱ አመለከቱ። «ጠዋት ጠዋት እሰማቸው የለ? አንብቢ።»

አነበብኩላቸው። ከዚያ ወዲህ ሳይሰሙኝ የዋሉበት ቀን ትንሽ ነው። ቃሉ ባይገባቸውም ያዳምጣሉ፤ አንዳንዴ በመቁጠሪያው የወንበሩን ክንድ መታ መታ ያደርጋሉ። እኔም ጮክ ብዬ ሳነብ ያላየሁት ታየኝ። ትንፋሽ ያጠረኝ ቦታ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል። አፌን የያዘኝ ቦታ የማላምንበትን ቃል ጽፌያለሁ። ማማ እንቅልፍ ከወሰዳቸው ደግሞ አንቀጹ ታሟል ማለት ነው። ይህን ለቲቸር ስነግራት በሳቅ ሞተች። «ከእኔ የተሻለች አራሚ አግኝተሻል!» አለች።

የአህያውን ታሪክ የጻፍኩት ያን ሰሞን ነው። ልጅ ሳለሁ ከእናቴ ጋር ድንች ጭነን ገበያ ስንሄድ አህያችን ወንዝ ዳር ሲደርስ እምቢ አለ። እናቴ ገፋች፤ ጎተተች፤ ለመነች። በመጨረሻ ድንቹን አውርዳ በጀርባዋ እያመላለሰች አሻገረች። ባዶውን ሲያየው አህያው ተንደርድሮ ተሻገረና ማዶ ሆኖ ጠበቀን። ሳነብ ራሴን ሳቅ ያዘኝ። ማማ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። በተሰባበረው ዓረብኛዬ፣ በእጄም በእግሬም ጭምር አስረዳኋቸው። አህያውን ሆኜ አራት እግሬን ምንጣፉ ላይ ስተክል ማማ እስኪያለቅሱ ሳቁ።

«እኛም ሰፈር ነበረ እንዲህ ያለ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ቧንቧ ሳይመጣ በፊት። ውሃው በመርከብ ከሩቅ ይመጣል፤ ሰውዬው በአህያ ጭኖ በየቤቱ ይሸጣል። እናቴ ለአህያው ቴምር አስለምዳው፣ የኛ በር ላይ ሲደርስ ቴምሩን ካላገኘ ንቅንቅ አይልም። ሰውዬው ይጮኻል፤ አህያው እቴ! ጎረቤቱ ሁሉ ውሃ ይጠማዋል።»

በማግስቱ የማማን አህያ ከእኛው አህያ ቀጥዬ ጻፍኩት። ቲቸር ያን ገጽ ለቡድኑ በድምፅ አነበበችው።

ማዳም ያስደነገጠችኝ በዚያው ሳምንት ነው። ወረቀቶቼን ምንጣፉ ላይ ዘርግቼ ፎቶ ሳነሳ ከትምህርቷ መሃል ውሃ ልትጠጣ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ምንድን ነው የምትጽፊው?» አለች። «ፎቶ እያነሳሽ ስትልኪ አየሁ። የቤቴን ነገር ነው ወደ ውጭ የምታወጪው?»

 ስልኬን የምትወስድብኝ፣ ከሥራ የምታስወጣኝም መሰለኝ። «ትምህርት ነው፣ ማዳም» አልኩ። 

ማማ ቀደሙኝ። «ልጅቷ ስለ አህያ ነው የምትጽፈው።»

«ስለ አህያ?»

«ስለ አህያ! ስለ እናቴም አህያ ጽፋለች። እሱ በቤትሽ የለም፤ አንቺም ያኔ አልተወለድሽም።»

ማዳም አንዱን ወረቀት አነሳች። ፊደላችንን ማንበብ እንደማትችል እያወቀች ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በጣቷ የተሰረዙትን ቦታዎች ተከተለች፤ ወረቀቱ ከጽሑፉ ይልቅ ስርዙ ይበዛው ነበር። «ይሄን ሁሉ የሰረዘው ማነው?»

«እኔው ነኝ።»

ፊቷ ላላ። «ልጆቼ ይሄን ቢያደርጉልኝ» አለች፤ ልጆቼ የምትለው ተማሪዎቿን ነው። ወረቀቱን ስትመልስልኝ ድምፅዋ የአስተማሪ ድምፅ ሆኖ ነበር። «እሺ። ግን የማንንም ስም አትጥሪ። የእኔንም፣ የእናቴንም።»

ማልኩላት። እስከ ዛሬም አልጠራሁም። እሷም በበኩሏ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዓስር በኋላ «ነይ» ማለት አቆመች። ሻይ ስትፈልግ ራሷ ታፈላለች። አንድ ቀንም ሳትናገር መሳቢያው ላይ መስመር ያለው ወፍራም የወረቀት እሽግ አስቀምጣልኝ አገኘሁ።

ማማን ሳል የጀመራቸው በበጋው መጨረሻ፣ ሙቀቱ ገና ሳይበርድ ነው። ነጭ የለበሱ ሰዎች መጥተው በአልጋ አወጧቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ ፊታቸውን ወደኛ ለማዞር ሞከሩ፤ ግን በየትኛው ጆሯቸው በኩል እንደቆምን ያወቁ አልመሰለኝም። እኛም ተመርምረን ነፃ ሆንን፤ ቤት ውስጥ ተዘጋብን። ሆስፒታል ገብቶ መጠየቅ የሚባል ነገር አልነበረም። ዓስር ሲጠራ ክፍላቸው ገብቼ ባዶውን ወንበር አየሁና ወጣሁ። በእነዚያ ቀናት አንድ መስመር አልጻፍኩም። ቲቸር ስትደውል አለቀስኩባት። እሷም «ጻፊ» አላለችኝም፤ እስክጨርስ ሰማችኝ።

አንድ ከሰዓት ማዳም ስልኳን እንደያዘች ወደ ወጥ ቤት መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። ሆስፒታል ያለች ነርስ ስልኩን ማማ ፊት ይዛላቸው ነበር።

«እናቴ ምግብ እምቢ ብላለች» አለችኝ ማዳም። «ማናችንንም ልታናግር አልፈለገችም። አንቺን ነው የምትለው።»

ስልኩን ተቀበልኩ። የማማ ፊት በኦክስጅኑ ጭንብል ውስጥ አንሶ ታየኝ።

«ዛሬ አላነበብሽልኝም» አሉ። ድምፃቸው ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል።

ሮጬ ወረቀቶቹን አመጣሁ። የትኛውን እንደምመርጥ ግራ ገባኝ። «አህያውን» አሉ ማማ። አነበብኩ። እናቴ ድንቹን ማውረድ ስትጀምር እንባዬ ፊደሉን ሸፈነብኝ፤ ግን በቃሌ ስለማውቀው አላቋረጥኩም። ማዳም አጠገቤ ቆማ እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። ስጨርስ ማማ ጭንብሉ ውስጥ ፈገግ አሉ። ነርሷ ሾርባውን አስጠጋች። ትንሽ ቀመሱ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከዓስር በኋላ ይደወላል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ይመስለኛል፣ የድሮ ገጽ ሳነብ አቋረጡኝ።

«ይሄን ሰምቼዋለሁ። አዲስ የለሽም?»

ገረመኝ። ቃሉ ሳይገባቸው ዜማውን ለይተው ያውቁ ነበር።

የመጻፍ ነገር በደንብ የገባኝ እንግዲህ ያን ጊዜ ነው። ለሳምንት አንድ ገጽ የምትቸገር ልጅ በየቀኑ የምታነበው አዲስ ነገር ያስፈልጋት ጀመር። ልቤ ደስ ሲለው እጽፋለሁ ማለት ቀረ። ሐሳቡን ጠዋት ካውያው ላይ እይዛለሁ። ምሳው እሳት ላይ ሳለ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጥግ መጀመሪያውን እጽፋለሁ። ሳህን ሳጥብ መጨረሻውን አስባለሁ። ዓስር ከመጥራቱ በፊት ጮክ ብዬ አንብቤ የማይረባውን እቆርጣለሁ። አንዳንዱ ቀን ግማሽ ገጽ ብቻ ይወጣል፤ አንዳንዱ ቀን ደካማ ይሆናል። ደካማውንም አነባለሁ። ምክንያት የምደረድርላቸው ሰው አልነበሩም፤ እየጠበቁኝ ነበር።

ማማ ዳኑ። ወደ ቤት ሲመለሱ በጣም ከስተው፣ ክንዳቸው የልጅ ክንድ መስሎ ነበር። አልጋቸው ላይ አስተኝተን ትራስ ሳስተካክልላቸው ቀኝ ጆሯቸውን ወደኔ አዞሩ። «ጽፈሻል?» አሉኝ።

ክልከላው ላላ። ፀጉር ቤቶች ተከፈቱ፤ ቲቸር ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ቡድኑም እየሳሳ ሄደ። አንዷ አሠሪ ቀየረች፤ ሌላዋ አገር ገባች፤ ሌሎቹ ሥራ በዛብን አሉ። ቲቸር ራሷ አንዳንድ ሳምንት ማረም አትችልም ነበር። እኔ ግን መጻፌን አላቆምኩም። የሚጠይቀኝ ሳይኖር የጻፍኩበት የመጀመሪያው ሳምንት ነገሩ የእኔ መሆኑን አወቅኩ።

ዓርብ ሲፈቀድልኝ በመጀመሪያ የሄድኩት ሚርቃብ ነው። አንድ ሕንፃ መሃል ፎቅ ላይ ያለውን ፀጉር ቤት እየጠየቅኩ አገኘሁት። ከድምፅዋ የተነሳ ረጅም ሴት ትመስለኝ ነበር። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ እጇ በሂና የቀላ ሴት ከመስታወቱ ፊት ዞራ አየችኝ። ሰላምታ ብቻ ነበር ያልኩት፤ በድምፄ ለየችኝ።

«ነይ ቁጭ በይ!» አለች አቅፋኝ። «ባዶ እጄን ማውራት አልችልም፤ ፀጉርሽን ልጠብሽ።»

አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ ሞቅ ያለው ውሃ ሲወርድብኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ለዓመታት ሰው ሳጥብ ኖሬ፣ እኔን ያጠበኝ ሰው አልነበረም። ጣቶቿ ቀስ ብለው ራሴን ያሹታል፤ አፏ ደግሞ ስለ መጨረሻው ጽሑፌ ያወራል።

«ሦስተኛው አንቀጽ ረዝሟል።»

«አውቄዋለሁ። ማማም እንቅልፍ ወስዷቸዋል።»

«ታዲያ ለምን ላክሽው?»

«ቀኑ ደረሰብኛ፣ ቲቸር። ቀን ሲደርስ ይላካል።»

እጇ ቆመ። ከዚያ ፀጉሬን በፎጣ ጠቅልላ ግንባሬን ሳመችኝ።

ማማ ከዚያ በኋላም ቆዩ። ያረፉት በዕድሜ ነው፤ በቤታቸው፣ በራሳቸው አልጋ፣ ጠዋት ላይ። ማዳም በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላ ወገን ሆነን እጃቸውን ይዘን ነበር። ሐዘኑ ሲወጣ ማዳም ወጥ ቤት መጥታ ተቀመጠች። «አገርሽ ግቢና ትምህርትሽን ጨርሺ» አለችኝ። «እዚህ ብትቆዪ ደስ ይለኛል። ግን አስተማሪ ነኝ፤ ይሄን ሳልናገር መቅረት አልችልም።»

አሁን ደሴ ነኝ። ቀን ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ፤ ሲመሽ ካቋረጥኩበት ክፍል ጀምሬ እማራለሁ። የክፍል ጓደኞቼ ብዙዎቹ ታናናሾቼ ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት የአማርኛ መምህራችን ስለ ዝናብ ሁለት ገጽ ጽፋችሁ በሳምንቱ አምጡ አሉን። ክፍሉ ተንጫጫ፤ ጊዜው እንዲራዘም የለመኑም ነበሩ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ፣ ቀን ቡቲክ ውስጥ የምትሠራ፣ ፈዝዛ ወረቀቷን ታያለች።

«ስለ ዝናብ ሁለት ገጽ ምን ይጻፋል?» አለችኝ።

«ስለ ዝናቡ ተዪው» አልኳት። «ባለፈው ሲዘንብ የት ነበርሽ?»

«ሱቁ በር ላይ። ጫማ ደጅ አውጥተን ነበር፣ ሁላችንም ጫማ ለማንሳት ስንራወጥ…» ብላ መሳቅ ጀመረች።

«ዛሬ ጫማዎቹን ብቻ ጻፊ» አልኳት። ደወሉ እስኪደወል ትንሽ ደቂቃ ነበረን። ሁለታችንም አቀርቅረን ጀመርን።